የወይዘሮ ፉሚኮ ለቅሶ

ይርጋነሽ ኃይለ ጊዮርጊስ የቢቸና ልጅ ናት፤ ሞጣ ላይ የልብስ ስፌት ታስተምር ነበር። በሃምሳዎቹ ማብቂያ መንግሥት ለትምህርት ጃፓን ልኳት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ወይዘሮ ፉሚኮ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ሴትዮዋን ሞጣ ሳያያቸው ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን አልነበረምና። ለትምህርት ቤቱ መርፌና ክር ይልኩ ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ፉሚኮ ማረፋቸውን ልጃቸው በደብዳቤ አረዳት። ይርጋነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዲሬክተሩ አቶ በላቸው ዘንድ ገባችና ቢቸና ሄዳ ለቅሶ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠየቀች። ፈቃድ ለእናት፥ ለአባትና ለባል ሞት ብቻ ነው አላት።

«እናቴ ናቸው» አለች።

ፈገግ ብሎ፥ እናትሽ ባለፈው ቅዳሜ ማር የላኩልሽ አይደሉም ወይ ሲል ጠየቃት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። መምህራኑማ ባሱ። ለአረማዊ ይለቀሳል ወይ እያሉ ተሳሳቁ። መርፌውንና ክሩን ሲሻሙ የሴትዮዋን ሃይማኖት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም! ባጎረሱ መነከስ ማለት ይኸው ነው። ይርጋነሽ ያለፈቃድ በጭነት መኪና ተሳፍራ ቢቸና ገባች።

እዚያም ደግ ነገር አልጠበቀችም። እናቷ ወይዘሮ የሺእመቤት «ልጄን የቀማችኝ» ይሏቸው ነበርና ፉሚኮን አይወዷቸውም። ልጃቸው መሬት ተቀምጣ ስታለቅስ ቆመው አዩዋት። እስከዚያ ቀን ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

«ጾሙንስ እንዴት አደረግሽው?»

ይርጋነሽ ነገረቻቸው። የዚያ አገር ወጥ ያለ ዓሣ አይሠራም። ወይዘሮ ፉሚኮ ግን ዓሣ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝተው ባቄላና ሩዝ ለብቻ ይቀቅሉላት ነበር። ሁዳዴ ሲገባማ ልጅቱ ብቻዋን አትራብ ብለው፥ እሳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይጠብቋት ነበር።

ወይዘሮ የሺእመቤት ተነሥተው ደጅ ወጡና ደረታቸውን እየደቁ «ዋይ! ዋይ!» አሉ።

ቢቸና የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ሮጠ፤ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ኪዳንም መጡ። ሟቿ ማን እንደሆኑ ሲሰማ ግን ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ የተታለለ ይመስል ነጠላውን አቃንቶ ወደ በሩ አለ። አባ ወልደ ኪዳንም ላልተጠመቀ ሰው ፍትሐት እንደሌለ ቀስ ብለው ተናገሩ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ማልቀሳቸውን አቆሙ።

«ፍትሐት ማን ጠየቀዎት፥ አባ? እኔ የጠራሁት አልቃሽ ነው። ይህች ሴት የማታውቀውን የእኔን ጾም ከልጄ ጋር ጾማለች። እኔ የወለድኳትን፥ እርስዎ ያጠመቋትን ልጅ እምነቷን ሳታስጥላት መልሳልናለች። እዚህ ግቢ ከቆመው ሰው ለሌላ ሰው ልጅ ይህን ያደረገ ካለ፥ እሱ ይሂድ። ሌላው ይቀመጥ።»

ማንም አልሄደም። አባ ወልደ ኪዳን ብዙ ቆሙ። ከዚያ መስቀላቸውን ጉያቸው ከተው፥ እንደ ማንኛውም ጎረቤት መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።