ኖር!

ካዛንቺስ ባለው የምርመራ ማዕከል፣ ሰው ወደ መጠበቂያው ክፍል በገባ ቁጥር ከወንበራቸው የሚነሱ አንድ አዛውንት አሉ። ከረባታቸው ጠበቅ ያለ ነው፤ ጫማቸው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና ጭናቸውን እየቧጠጡ፣ የገዛ እግራቸውን እንደ መሰላል እየወጡ ይቆማሉ።

"ኖር!"

"ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ!" ይላል የገባው ሁሉ።

"የዘራችን አነሳስ ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበሩ" ይላሉ በኩራት።

የኤምአርአይ ባለሙያዋ ዮሃና ዛሬ የተነሳውን የጭናቸውን ምስል ከአምናው ጎን አድርጋ ስታየው ክው አለች። አምና ግራጫ የነበረውን ጡንቻ ስብ ተክቶት፣ ዘንድሮ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል።

"በስመ አብ! ታዲያ በምናቸው ነው የሚነሱት?"

አላስችል ብሏት ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣች። አዛውንቱ እንዳዩዋት "ኖር!" ብለው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ልትወስዳቸው የመጣችው ወጣት ልጃቸውም አብራቸው ልትነሳ ተንቀሳቀሰች።

"በእግዜር" ለማለት የተከፈተው የዮሃና አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ልጅቷም የምትነሳው ጭኗን እየቧጠጠች ነበር።