ስለ ሰይፈኛዋ የተናገርኩት

የታሰርኩት ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከግንቡ ማዶ የታክሲ ረዳት «አብነት! አብነት!» እያለ ሲጣራ ይሰማኝ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የምሰማው ጥሪ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ በእግር የሚደረስ ነበር። እዚያ ከገቡ በኋላ ግን ቅርብና ሩቅ የሚባል ነገር የለም።

በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የእርጥብ ብርድ ልብስ፣ የልብስ ሳሙና፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ እናት፣ ሌላዋ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት። እናትየዋ ምንም ሳይጠይቁኝ ፈቀቅ አሉና ፍራሹን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ ወጣቷ።

«ስለ ፊልም አውርተን።»

«የምን ፊልም?»

«የቻይና። የድሮ የሰይፍ ፊልም።»

ሳቀች። ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባትና ሳቋን ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ፊልም የምንወድ ጎረቤታሞች ቅዳሜ ከሰዓት በብሎካችን የጋራ አዳራሽ እየተሰባሰብን እናይ ነበር። ፕሮጀክተሩ የእኔ ነው፤ መጋረጃው የአንዷ ጎረቤታችን አንሶላ። ፊልሙ ሲያልቅ ወንበሮቹን ክብ አድርገን ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። አንዳንዴ ክርክሩ ከፊልሙ ይረዝማል።

የዚያን ቅዳሜ ያየነው መምህሯን የገደለባትን የአንድ ከተማ ሹም ፍለጋ ስለመጣች ሰይፈኛ ነው። ሴትዮዋ በቀርከሃ ጫፍ ላይ ትራመዳለች፣ ከጣራ ጣራ ትበራለች። መጨረሻ ላይ ሹሙን ሰይፉን አስጥላ ታንበረክከዋለች፤ ግን አትገድለውም። እጁን አስራ ለከተማው ሕዝብ ትተወውና ትሄዳለች።

ግማሾቻችን ወደድነው፣ ግማሾቻችን ተናደድን። ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ከወንበራቸው ተነሱ። «እዚያው አንገቱን መቅላት ነበረባት! እንዲህ ያለ ሹም ይማራል እንዴ?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ፊልም ሲያዩ ደማቸው ይሞቃል፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

ጊዜው ሰው ታክሲ ውስጥ ስልክ ሲያነሳ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ነበር። ክርክራችንን አንድ ሰው ወስዶ ለፖሊስ አደረሰው። ማን እንደሆነ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

መርማሪው ሰደበኝ ወይም መታኝ ብል እዋሻለሁ። የታሸገ ውሃ ከፍቶ ሰጥቶኛል። ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ ነበር።

«ሹሙ ማን ነው?» አለኝ።

«የፊልም ሰው ነው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። እናንተ ማንን ማለታችሁ ነው?»

«ማንንም። ፊልም ነው ያየነው።»

ውሃውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገው። «ይሁን። አንገቱን መቅላት ነበረባት ያለው ማን ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። እናትሽ ታማሚ መሆናቸውን እናውቃለን። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

እናቴ ስኳር አለባት። ጠዋት ጠዋት መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። ዓይኗ ስለደከመ ልኩን ራሷ ማየት አትችልም። ይህን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። «እስከ ነገ አስቢበት» ብሎ ወደ ክፍሉ አስመለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ስም ብቻ ይመላለስ ነበር። ከከንፈሬ ቢወጣ ሁለት ቃል ነው፤ የጋሼና የአባታቸው። ጋሼ የልብ ሕመም አለባቸው። እናቴም አለችኝ። አንዱን ከሌላው ጋር ሳመዛዝን ራሴን አስጠላኝ።

ወጣቷ ሰንጋ ተራ ስልክ መሸጫ ትሠራ የነበረች ናት። ፊቴን አይታ ይሆናል፣ «በቃ ፊልሙን ንገሪን» አለች። «እዚህ ቴሌቪዥን እንደሆነ አላስገቡልን።»

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ቶሎ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ቀርከሃው ጫካ ስደርስ ግን ወጣቷ ወደ እኔ ዞራ በደንብ ተቀመጠች፤ እኔም ድምፄ ተመለሰ። ንፋሱን፣ ቅጠሉን፣ እጅጌዋ አየር ላይ ሲዘረጋ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ነገርኳቸው። ወታደሮቹ ሲያሳድዷት አንዲት ሻይ ሻጭ ከሻይ ቤቷ ጓዳ እንደደበቀቻት፣ ቤቱን ፈትሸው እንዳጧት፣ በማግስቱም ሹሙን በጣራዎች ላይ እየተከታተለች እንደተዋጋችው ተረክሁላቸው። መጨረሻውን ስነግራቸው ወጣቷ እጇን ጭኗ ላይ መታች።

«አትገድለውም? ኧረ በእናትሽ! ያን ሁሉ ዘልላ ዘልላ?»

«አትገድለውም።»

«እኔ ብሆን አልለቀውም ነበር። ሲፈታ ተመልሶ ይመጣባታል እኮ።»

ስተርክ እናትየዋ በነጠላቸው ሥር ያደምጡ ነበር። የአብነት ሰፈር ሰው ናቸው። ለምን እንደታሰሩ ወጣቷ ስትጠይቃቸው «ልጄ እስኪመጣ ነው» ይሉ ነበር፣ ጎረቤት ቤት ተቀምጠው የሚጠብቁት ይመስል። ልጃቸው ይፈለጋል። እሱን ስላጡት እሳቸውን ያዟቸው።

«የደበቀቻትስ ሴትዮ?» አሉ።

«የቷ እማማ?»

«ሻይ ሻጯ። እሷ ምን ሆነች?»

አሰብኩ። ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። «አያሳይም» አልኩ።

«እንዴት አያሳይም? ወታደሮቹ ቤቷን ፈትሸዋል አላልሽም? በማግስቱ ተመልሰው አይመጡባትም?»

«እንጃ እማማ። ከዚያ በኋላ አትታይም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ሰይፍ የያዘችውማ በጣራ ላይ ትሄዳለች» አሉ ቀስ ብለው። «መሬት ላይ የቀረችው ያቺ ናት።»

በአዳራሻችን ያን ያህል ስንከራከር አንዳችንም ስለዚያች ሴት አላነሳንም። እናትየዋ የደረቀ ዳቦ ለሦስት ቆርሰው ሰጡን።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። ከመውጣቴ በፊት ከጀሪካኑ በእጄ ውሃ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን አሰርኩ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ «ፈጠን በይ» ይል ነበር። አልፈጠንኩም።

«እሺ፣ አሰብሽበት?» አለ መርማሪው።

«አዎ። አስተያየቴን ልስጥዎት።»

«የምን አስተያየት?»

«ስለ ፊልሙ። የራሴን።»

«ያንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«የማውቀው የራሴን ነው። ፊልሙ አንድ ጉድለት አለው። ሰይፈኛዋን የደበቀቻት ሻይ ሻጭ ወታደሮቹ ከገቡባት በኋላ ምን እንደደረሰባት አያሳይም። ማሳየት ነበረበት። እንዲህ ብላለች ብለው ይጻፉልኝ፤ እፈርምበታለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስም ነው የጠየቅኩሽ።»

«የእኔ ስም እርስዎ ጋ አለ። ሌላ ሰው የተናገረውን እሱ ይናገረው። እኔ በሌላ ሰው አፍ አልናገርም።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም። «እናትሽን አስቢ» አለኝ።

«ከእሷ ሌላ የማስበው የለኝም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወደ ክፍሉ መለሱኝ። እናትየዋ ፊቴን አዩና ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። የዚያን ቀን ስለ እናቴ አለቀስኩ፤ እናትየዋም አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን አሻሹኝ።

በዚያን ቀን አልተፈታሁም። ቆየሁ። በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ፣ «ከእንግዲህ አትሰባሰቡ» ተብዬ ወጣሁ። እናቴን ከላይኛው ፎቅ ያለች ነርስ ስትወጋት ሰንብታ አገኘኋት፤ ከስታ ነበር እንጂ ደህና ነበረች። ጋሼ በወጣሁ ሰሞን ሊጠይቁኝ መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ስለ እኔ ጠይቀውሽ ነበር?» አሉኝ።

«ስለ ፊልሙ ነው የጠየቁኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሲሄዱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

እናትየዋን ፍለጋ አብነት ሄጄ ነበር። ተፈትተው እህታቸው ዘንድ ወደ ክፍለ ሀገር መሄዳቸውን ጎረቤት ነገረኝ። ስለ ልጃቸው የነገረኝ የለም፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ልጠይቅ አልደፈርኩም።

አሁን መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሻይ ሰዓት ላይ ወጣቶቹ ስለ ተከታታይ ድራማ ይከራከራሉ። አንዷ «አልወደድኩትም» ትላለች፣ ሌላው «ምን ታውቂያለሽ» ይላታል፣ ይሳሳቃሉ። ሲጨቃጨቁ መስማት ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ተጠይቆ «ደህና ነው» ብሎ ብቻ ዝም ሲል አልፈርድበትም። እኔንም ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ይህ ልማድ ገና አልለቀቀኝም። ከዚያ የመሰለኝን እናገራለሁ።