ከጎጆ በታች የጠፋችው ክሬን

ገበሬው ብዙ ተናገረ። እጁን መጀመሪያ ወደ ገብሱ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ እየዘረጋ ሲናገር ቆይቶ ጨረሰ። ሾፌራችን ወደ እኔ ዞረው፣ «ወፏን አላየሁም ነው የሚለው» አሉኝ።

«ይህን ሁሉ ያወራው አላየሁም ለማለት ነው?»

«አዎ። አላየሁም ነው የሚለው።»

ሾፌሩን መጠርጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አምቦ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም ነበር። የተቀጠርኩት በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ በቴክኒሻንነት ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ሥራችን ክሬን የተባለውን ወፍ መከታተል ነበር። እግሩ ረጅም ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ገለባ ቀጥ ብሎ የቆመ ወርቃማ ላባ አለው። ከጎጆ ከተማ በታች ካለው ረግረግ አንዷን ይዘን፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ እግሯ ላይ አሰርን። መሣሪያው ያለችበትን ቦታ በሳተላይት ያሳውቃል፤ እኛ ደግሞ በጋ ሲገባ ረግረጉን ትታ በየት በየት እንደምትሄድ ካርታ ላይ እናያለን።

ኢንተርኔት በየጊዜው የሚቋረጥበት ወቅት ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባችን ቁጥሮቹን በስልክ ያነብልኛል፣ እኔ ካርታዬ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። «ወፏ ከሰማይ ጋር ኔትወርክ አላት፤ እኛ ግን ከአዲስ አበባ ጋር እንኳ የለንም» እያሉ ሾፌሩ ያስቁኝ ነበር።

ክሬኗ በእጃጂ ከተማ በኩል ሁለት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን ነጥቦቹ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ላይ ቆሙ። በማግስቱም እዚያው ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ጠፉ። ማሳው የዚያ ብዙ የሚናገረው ገበሬ ነበር።

ያን ቀን ከገበሬው ዘንድ ስንመለስ ሾፌሩ ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «እንዲያው ወፏን የገደለ ሰው ቢገኝ ምን ይደረጋል?» አሉኝ።

«በሕግ ይጠየቃል። መሣሪያውን የደበቀም ሰው አይቀርለትም» አልኳቸው።

ማርሽ ቀይረው መንዳታቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ጭንቅላቴ ሥራ አልፈታም። ወፏ ሞታለች ያለ ሰው የለም፤ እሳቸው ስለ ገዳይ ለምን ጠየቁ? ደግሞ ገበሬው ሲናገር ደጋግሞ «ላፋ» ሲል ሰምቻለሁ። መሬት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የወፍ ወሬ ውስጥ መሬት ምን ይሠራል?

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ሾፌሩና ገበሬው «አንዴ» ብለውኝ ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ። ሲመለሱ የሾፌሩ ጫማ በጭቃ ተለውሷል፤ ገበሬው ደግሞ ግማሽ ጆንያ ድንች ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ።

«ድንቹን እንካፈላለን» አሉኝ ሾፌሩ።

«አልፈልግም» አልኩ። ጉቦ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሾፌሩ ከገበሬው ጋር ተመሳጥረው መሣሪያውን ደብቀዋል፣ ትርጉማቸውም አይታመንም አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በዚያው ሳምንት ሾፌሩን ከመስክ አውጥተው የሠራተኛ ሰርቪስ ላይ መደቧቸው። ለምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጎጆ ከተማ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የጤና ባለሙያ እንድታስተረጉምልኝ ለመንኩ። «አንድ ቃል እንዳታስቀሪብኝ» አልኳት። ገበሬው መኪናውን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ኦቦ ሾፌሩ የት አሉ?» ብሎ ነው። ሥራ ቀይረዋል ስትለው ፊቱ ጠቆረ። ብዙ ከለመነችው በኋላ ተናገረ፤ እሷም ሳትዘል ነገረችኝ።

ወፏ በጠዋት ጉም ውስጥ ስትበር ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭታ ገብሱ ውስጥ ወደቀች። ሚስቱ ስታገኛት ክንፏ ተሰብሮ ነበር። ውሃ ሰጧት፤ አልጠጣችም፤ ለሁለት ቀን እዚያው አቃስታ ሞተች። እግሯ ላይ መሣሪያ ሲያዩ ደነገጡ። ከዚያ በፊት በቀበሌ ስብሰባ «በአካባቢያችሁ የክሬን ክትትል ይካሄዳል» የሚል ደብዳቤ ተነቦ ነበር። እሱ የሚያውቀው ክሬን አምቦ ሕንፃ ሲሠራ ብረት የሚያነሣውን ነው። ሕንፃ ሊመጣ ነው፣ መሬታችን ሊወሰድ ነው፣ በወፍ አስለክተውናል ተባለ። ፈራና ከነመሣሪያዋ ቀበራት።

ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ወፍ የሚል ቃል አላስገባሁበትም።

«ለኦቦ ሾፌሩ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ» አለ ገበሬው። «ቦታውንም አሳይቻቸዋለሁ። ‹ይቺ ልጅ በሕግ ይጠየቃል ትላለች፤ ታገሠኝና አለቃዋን አናግሬ እንደማይከሱህ ቃል ላስገባ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።»

መሣሪያውን ቆፍሮ አወጣልኝ። አምቦ ወስጄ አጠብኩትና ቢሮው በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። «ክሬናችን አምቦ ከተማ ገባች እንዴ?» አለኝ ባልደረባዬ በደስታ። መሞቷን ነገርኩት።

ለአለቃዬ ስህተቴን ነገርኩት፤ ገበሬው እንደማይጠየቅም ቃል ሰጠኝ። ከዚያ ሾፌሩን ፍለጋ ጋራዥ ሄድኩ። ሰርቪሱን እያጠቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርቁን ጨምቀው መስታወቱ ላይ አሰጡት።

«ለአለቃሽ ከመናገርሽ በፊት ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎ ይነግሩኝ ነበር?»

አሰብ አደረጉ። «አልነግርሽም ነበር» አሉ። «አንቺንም አላመንኩሽም።»

ወደ መስክ ይመለሱ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ሰርቪሱ ለቤቴ ይቀርበኛል አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክሬን ላይ መሣሪያ ስናስር፣ የጤና ባለሙያዋ ገበሬዎቹን ሰብስባ የወፏን ፎቶ አሳየችልኝ። ገበሬውም መጥቶ ከኋላ ቆሞ አዳመጠ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

ኦሮምኛዬ አሁን ተሻሽሏል። ጠዋት ሰርቪስ ስሳፈር ሾፌሩ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ከፊት ወንበር ከተቀመጡት ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ይቆዩና ሁሉም በአንድነት ይስቃሉ። ያኔ ሳላስበው ቃላቱን መልቀም እጀምራለሁ፤ ስለ እኔ ይሆን እያልኩ።