እጄ ሳያየው

አጎቴ በመካነ ሰላም የገበሬዎች ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ዘር ከመውጣቱ በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከታሉ፤ የዘገኑትን ያሸታሉ። ሰው ሲያጣድፋቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ቆይ እንጂ፣ እጄ ሳያየውማ አይወጣም።»

የማኅበሩን ግዢ፣ መጋዘንና ሽያጭ በአንድ ሲስተም ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ዘር ለማውጣት ያስፈልግ የነበረው የእሳቸው ፊርማ ሥራውን ሲያዘገይብኝ ጊዜ ከሲስተሙ አወጣሁት። ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው፣ «ታዲያ የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ይረፉ ጋሼ፤ ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ያይልዎታል» አልኋቸው። ደግሞ ሳቅሁ።

በዚያው ክረምት ሲስተሙ ደህና ነው ያለው የስንዴ ዘር ወደ ከላላ ወረዳ ሄዶ ተዘራ፤ አልበቀለም። ለካ ጣሪያው ሲያፈስ ከርሞ ጆንያዎቹ ከሥር በስብሰዋል። ገበሬዎቹ ሊጠይቁ ሲመጡ አጎቴ ቀድመውኝ ተነሡ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እጄን ሳላስገባ ሰጠኋችሁ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

አሁን ያንን የፊርማ ቦታ ወደ ሲስተሙ መልሼዋለሁ። «ያረጋገጠው» ከሚለው ሥር ባዶ ነው፤ የማንን ስም እንደምሞላበት አላውቅም።

አጎቴ ሲሞቱ፣ ለቅሷቸው ላይ ከከላላ የመጡ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ «አይ፣ ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሰው ነበሩ! እንዲያው ያን ቀን ብቻ ረሱ እንጂ» አሉኝ። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

አልረሱም። የከለከልኋቸው እኔ ነኝ።