በጀልባዋ ላይ ያልተባሉ አሥራ አንድ መስመሮች

ሥራ የጀመርሁት ለቡ ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሙሉ ልብስ ለብሼና ክራባት አስሬ ነው። በብብቴ ሥር የግዕዝ መዝገበ ቃላት ይዤ ነበር። ስቱዲዮው የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ በተርጓሚነት ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተቀጥሬ ነበር። የአማርኛ ቋንቋ ዕጣ ፈንታ በዚያን ዕለት በእኔ እጅ እንደ ወደቀ አምኜ ነበር።

የስቱዲዮው ባለቤትና የቀረጻ መሪ ጋሽ በላቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና ጫማዬን እንዳወልቅ አዘዙኝ፤ የቆዳ ጫማ ሲጢጥ ይላል፣ ማይኩም ይሰማዋል። ቀጥለው ኮቴን አስወለቁኝ፤ ገበሩ ይንኮሻኮሻል። የግራ ካልሲዬ በአውራ ጣቴ በኩል ቀዳዳ ነበረው። ቋንቋውን ሊታደግ የመጣው ሰው የመጀመሪያ የሥራ ቀኑን ጣቱን አጥፎ በመቆም አሳለፈ።

በዚህ ሙያ ገና አራት ዓመቴ ነው። በአራት ዓመት ትዝታ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሆኖም የሠራሁት ስህተት የአርባ ዓመት ባለሙያ ስህተት የሚያክል ስለሆነ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡ ተርጓሚዎች ላስቀምጠው ወሰንሁ።

በንጋት የምንሠራው ለቡ ላይ ግንባታ ስለማያልቅ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን መዶሻው፣ የብረት መቁረጫውና የአርማታ ማደባለቂያው ይነሣሉ፤ ግድግዳችን ላይ የለጠፍነው ስፖንጅና ብርድ ልብስ አይመክታቸውም። ነፋሱ ከሀና ማርያም በኩል ከመጣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይገባል። ያን ጊዜ ጋሽ በላቸው ሄድፎናቸውን ያወልቃሉ፣ ያማትባሉ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከእግዚአብሔር ጋር አይሻሙም፤ ከአርማታ ማደባለቂያ ጋር ግን በየቀኑ ይሽቀዳደማሉ።

የተርጓሚ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። የእንግሊዝኛ ስክሪፕት ይሰጠዋል፤ ምስሉን እያየ እያንዳንዱን ንግግር በተናጋሪው አፍ ልክ በአማርኛ ይጽፋል። አፉ ሲከፈት ቃሉ ይጀምራል፣ ሲዘጋ ያልቃል። የእኔ ዓረፍተ ነገሮች ግን ሰውዬው አፉን ዘግቶ፣ ተነሥቶ፣ ከክፍሉ ከወጣም በኋላ ገና ወደ ግሳቸው በመጓዝ ላይ ነበሩ። ጋሽ በላቸው በቀይ እስክሪብቶ ይቆርጧቸዋል። እኔም ማታ ቤቴ ሆኜ የተቆረጡትን በሌላ ደብተር ላይ እሰበስብ ነበር፤ ለትውልድ።

በሁለተኛው ወር ስለ ወንዝ ዳር ከተሞች የሚናገር ባለ ስድስት ክፍል ፊልም መጣ። ደንበኛው የመጀመሪያውን ክፍል ከተቀበለ የቀሩት አምስቱ ለእኛ ይሰጣሉ። ጋሽ በላቸው ጠርተውኝ የእኔም ቋሚነት በዚያው ክፍል እንደሚወሰን ነገሩኝ። ክፍሉ በቫራናሲ፣ ሕንዶች ቅዱስ በሚሉት በጋንጀስ ወንዝ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ስለሚደረግ የጀልባ ጉዞ ነው። አንድ ቀዛፊ አለ፤ የባሏን አመድ በሸክላ ማሰሮ የያዘች ባልቴት አለች። ሰዎች በድንጋይ ደረጃ እየወረዱ ይታጠባሉ፣ በቅጠል ላይ የተቀመጡ መብራቶች በውኃው ይሄዳሉ፣ ሬሳ ከሚቃጠልበት ዳርቻ ጢስ ይነሣል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ወንዙ፣ ስለ ደረጃዎቹና ስለ ቀብር ሥርዓታቸው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ስለ ጀልባ አሠራር እንኳ አነበብሁ። በሕይወቴ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

የቀዛፊው ድምፅ ለታምራት ተሰጠ። ታምራት ወደ ድምፅ ትወና ከመግባቱ በፊት ከመካኒሳ ሜክሲኮ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ቀዛፊው ከዳር ቆሞ ተሳፋሪ ይጣራል። እኔ የጻፍሁለት፣ «ክቡራን መንገደኞች ሆይ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቅዱሱ ወንዝ እንወርድ ዘንድ ኑ» የሚል ነበር። ታምራት ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ውኃ ጠጣ፤ ሰውዬው ቀዛፊ ነው ወይስ ጳጳስ ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። በሦስተኛው ወረቀቱን አስቀመጠና ወደ ማይኩ ዞረ።

«ጀልባ ጀልባ ጀልባ! ሁለት ሰው የቀረው! ጠጋ ጠጋ በሉ እናቴ፣ ፀሐይ እኮ አትጠብቅም!»

አፉ ከቀዛፊው አፍ ጋር ምንም ሳይዛነፍ ገጠመ። ጋሽ በላቸው ሥቀው አሳለፉት። እኔ አልሣቅሁም። በዚያው ዕለት «የዋናውን ሐሳብ ታማኝነት ስለመጠበቅ» በሚል ርእስ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ በዋናው የሌለ ቃል ማንም ባለሙያ እንዳይጨምር በአጽንዖት አሳሰብሁ። ከእኔ ጠረጴዛ አራት እርምጃ ለሚርቀው ለጋሽ በላቸው ጠረጴዛ፣ በፖስታ አሽጌ፣ በእጄ አደረስሁት። እርሳቸው አንብበው በር ላይ ለጠፉት። ታምራት ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሊቀ ደንብ» ይለኝ ጀመር።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ጀልባዋ ወንዙ መካከል ትቆማለች። ባልቴቷ አመዱን ትለቃለች፤ ከዚያ ለካሜራው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ፀሐይዋ ትዞራለች፤ እንዲሁ አርባ ሰከንድ ትቆያለች። ስክሪፕቱ ለአርባው ሰከንድ ምንም አይልም። ከዳርቻው የሚመጣ የብዙ ሰው ጸሎት ግን ከሥር ይንሾካሾካል።

በእኛ ሙያ ጀርባ የሰጠ ሰው በረከት ነው። አፉ አይታይም፤ ስለዚህ አይለካም። ሌላ ቦታ ያልገባ ማብራሪያ ሁሉ እዚያ ይታጨቃል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በሰው ከንፈር ስታሠር ቆይቼ፣ እነሆ ሰፊ ጀርባ አገኘሁ። አሥራ አንድ መስመር ጻፍሁ። አንደኛው «ውኃ ሆይ፣ የዘመናትን ትቢያ ተሸክመህ ወዴት ትፈልሳለህ?» የሚል ነበር፤ ከሁሉ ቀላሉም እርሱ ነበር።

የባልቴቷ ድምፅ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። መካኒሳ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ንጋት ላይ እኛ ዘንድ ይቀረጻሉ፣ ከዚያ ሄደው ሱቃቸውን ይከፍታሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ሁሉ በዋናው አለ፣ ልጄ?»

ጋሽ በላቸው ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ይሰማሉ። የእንግሊዝኛውን ጉዳይ ሁሉ ለእኔ ትተውታል። ከጸሎቱ ሹክሹክታ ውስጥ የትኛው የባልቴቷ እንደሆነ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እኔ አረጋገጥሁ።

«አለ፣ እትዬ» አልኋቸው።

አነበቡት። እንዲያ አድርገው አነበቡት፣ ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ታምራት እንኳ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ይህችስ ገብታለች አለኝ። እኔ እንባውን የትርጉሜ ጥራት ማረጋገጫ አድርጌ ተቀበልሁት።

በሳምንቱ የደንበኛው ደብዳቤ ደረሰ። የቀዛፊውን ጥሪ እጅግ እንደወደዱት ይገልጻል። ከዚያ ይጠይቃል፦ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ የሚናገረው ማን ነው? በፊልማችን ሴትዮዋ አመዱን ከለቀቀች በኋላ አንድም ቃል አትናገርም። እስከ ቅዳሜ ማብራሪያና የታረመ ቅጂ ካልደረሳቸው፣ የቀሩትን አምስት ክፍሎች ለሌላ ስቱዲዮ ይሰጣሉ።

ጋሽ በላቸው አልጠረጠሩኝም። የማይጠረጥሩበትን ምክንያት ጮክ ብለው ተናገሩ፤ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀቴን እያሳዩ፣ ለጥቂት ቃል ሁለት ገጽ የሚጽፍ ልጅ አሥራ አንድ መስመር ከኪሱ አያወጣም አሉ። የተሳሳቱት ደንበኞቹ ናቸው፤ የራሳቸውን ፊልም በደንብ አላዳመጡትም። ስለዚህ ጠንካራ መልስ ይጻፍላቸው፣ በእርሳቸው ስም ይፈረም፤ ጸሐፊውም እኔ እንድሆን አዘዙ፤ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያምርበት ሌላ ሰው የለምና።

ተቀመጥሁና «ጉዳዩ፦ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ የሚሰማውን ድምፅ ይመለከታል» ብዬ ጀመርሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ አማረ። ሁለተኛው ከፊተኛው በለጠ። ማፈሪያው ነገር ይህ ነው፤ ውሸቴን በሌላ ሰው ፊርማ ሥር እያስቀመጥሁ፣ «ይሁን እንጂ» ከሚለውና «ሆኖም ግን» ከሚለው የቱ እንደሚሻል እጨነቅ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሊወስዱ ገቡ። ከትከሻዬ በላይ አነበቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መስመሮቹ የእኔ መሆናቸውን ከመጀመሪያው ቀን እንዳወቁ ነገሩኝ። በር ላይ ካለው ወረቀት ጋር አንድ እጅ ናቸው። ታዲያ ለምን አነበቡት ብዬ ጠየቅሁ።

«አለ አልከኝ፣ አነበብኩ። ሥራዬ ነው» አሉ። ነጠላቸውን አጣፉ። «እኔ ባሌን የቀበርኩ ዕለት አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰው ሁሉ አልቅሺ ይለኛል፣ እኔ አፈሩን አያለሁ። ይቺም ሴትዮ እንደዚያው መስላኝ ነበር። አንተ ግን የተማርክ ነህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሄዱ። ደብዳቤው ላይ አንድ ቃል መጨመር አልቻልሁም።

ወደ ጋሽ በላቸው አራቱን እርምጃ ሄድሁ። በዋናው የለም፣ እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ አለ ያልሁትም እኔ ነኝ አልኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቁጣ በሆነልኝ። ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱ፣ ሁለቱንም ውብ አንቀጾች አነበቡ፣ መልሰው ሰጡኝ።

«ልፈርምበት ነበር እኮ» አሉኝ። «እንደገና ጻፈው። አጭር ይሁን። ስምህም ይኑርበት።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ጥፋቱ የእኔ የተርጓሚው ነው፤ እስከ ቅዳሜ እናርማለን።

ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመካኒሳ መጡ። ንግግር ከቀረጻው ሲወጣ ቦታው እንደ ባዶ ጉድጓድ ይሰማል፤ ስለዚህ የሰው ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ማይኩ ፊት አርባ ሰከንድ ቆሙ። በሃያኛው ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ አየር ሳቡና ቀስ ብለው ለቀቁት። ሌላ ምንም የለም። ታምራት ከውጭ ሆኖ በሩ እንዳይንኳኳ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ በላቸው ድጋሚ አላዘዙም። ወደ መካኒሳ የሚመለሱበት ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው፤ መንገድ ላይ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በሦስት ክፍል። ይቅርታ፣ እትዬ፣ ብዬ አቆምሁ። እርሳቸውም በቃ ልጄ፣ ሄጄ ሱቄን ልክፈት አሉኝ።

አምስቱ ክፍሎች ለእኛ መጡ። የእኔ የሙከራ ጊዜ በሌላ ሦስት ወር ተራዘመ፤ የተገባ ነበር። በተራዘመው ጊዜ የታምራትን «ሁለት ሰው የቀረው» በአማርኛው ስክሪፕት ውስጥ በእጄ አስገብቼ ከሥሩ ፈረምሁ።

ከዚያ ወዲህ ጀርባ የሰጠ ሰው በምስል ላይ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ ዋናውን አያለሁ። ዋናው ምንም ካላለ እኔም በስክሪፕቱ ላይ «ዝም ትላለች» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነም አጠገቡ አስቀምጣለሁ።