«እዚሁ ተቀመጥ»

ባለቤቴ ባረፉበት ቀን ጠዋት፣ እንደ ልማዳችን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፍኩላቸው። «ለሠርግ ነው እንዴ እንዲህ የምታሳምሪኝ?» ብለው ሳቁብኝ።

የቀኝ እጃቸው ጣቶች አልነበሩም። በመንግሥት እርሻው የማሽላ መውቂያ ማሽኑን ብቻቸውን ሲያጸዱ የሞተሩ ቀበቶ ቆረጣቸው። ያኔ ደማቸው እየፈሰሰ ቤት መጡ፤ እኔም አጥቤ አሰርኩላቸው። የእርሻው ቢሮ ግን «ጓድ፣ ቤትዎ እንጨት ሲፈልጡ ቢሆንስ? ማን አየ?» ብሎ የጉዳት ካሳውን ከለከላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከማሳው ጩኸት ከሰሙ የያዙትን ጥለው ይሮጡ ነበር። የተጎዳው ለአጨዳ የመጣ የጎጃም ሰው ይሁን የወሎ፣ ቁስሉን በነጠላቸው አስረው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ ሰፈር ገብቼ ልረፍ» ይላቸዋል የተጎዳው።

«እዚሁ ተቀመጥ ልጄ፤ ኃላፊው መጥቶ እዚሁ ይይህ። ቤት የገባ ቁስል ምስክር የለውም» እያሉ እጃቸውን ያሳዩታል። በዚህ ስንቱ ካሳውን አግኝቶ አገሩ ገባ።

ሸሚዛቸው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ጠዋት ሲሆን ጣቶቼ የሚቆልፉት ያጣሉ።

በቀደም አንድ ሰሊጥ አጫጅ እግሩን ማጭድ ቆረጠው። ጓደኞቹ ለምደው ወደ ደጃችን ጮኹ፤ ወዲያው ባለቤቴ እንደሌሉ ትዝ ሲላቸው ወደ ሰፈር ሊሸከሙት ጎንበስ አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጩኸት ስሰማ ነጠላቸውን ይዤ እወጣለሁ፤ ኃላፊው እስኪመጣ ከተጎዳው ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ።