ባለ ባርኔጣውና የልጄ መሐላ

ቆሰበር ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ቁርስ ቤት ልጄን ፍለጋ ገብቼ፣ በዕድሜዬ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የመጨረሻውን ቂል ፊልም ለማየት በቃሁ። ልጄ ባጃጅ ነጂ ነው። ተራቸው እስኪደርስ ከጓደኞቹ ጋር ተደርድሮ፣ አፉን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ያያል። ተነሥቶ ይቀመጡ እንኳ አላለኝም። እኔው ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ታሪኩ በአንዲት ትንሽ የፈረንጅ ከተማ ነው። ወንድሙ የተገደለበት ባለ ባርኔጣ ሰው በመኪና ይመጣና ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ይፈጃል። መጨረሻ ላይ መኪናውን ትቶ ፈረስ ላይ ይወጣል። ፈረስ ከሚያከብር ሕዝብ ነው የተወለድሁት፤ አጠገቡ ጥይት ሲጮህ ጆሮውን እንኳ የማያቆም ፈረስ አይቼ አላውቅም። እሱስ ይሁን። የዚያን ሁሉ ሰው ሬሳ ማን አነሣው? እድር የላቸውም? ድንኳን የሚተክል፣ ደረት የሚደቃ አንድ ዘመድ ጠፋ? ከሞቱት ውስጥ ልጅ የወለደ አንድ እንኳ የለም? ባለ ባርኔጣው ሁሉን ጨርሶ እያዘገመ ሲሄድ ማንም አልተከተለውም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ማንበብ የተማርሁት በራሴ ነው። እንዲህ ያለውን ውሸት ለመለየት ግን ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም።

ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። አንዱ ወደ ልጄ ዞረና፣ «አየኸው? ወንድ ማለት ይሄ ነው! አንተ የአጎትህ ገዳይ በገበያ መሀል ሲንጎራደድ ከኋላው ጥሩምባ ነፍተህ ‹ያሳልፉኝ ጋሼ› ትለዋለህ» አለው። ሳቁ። ልጄ አልሳቀም።

ታናሽ ወንድሜን የገደለው የመሬት ጎረቤታችን ነው፤ ወሰን ላይ ለበቀሉ፣ ተከስለው ለሚሸጡ ጥቂት ዛፎች ብሎ። እስራቱን ጨርሶ ወጣ። ሽማግሌዎች ገቡበትና እርቁ ለእሁድ ተቆረጠ። በእኛ ዘንድ እርቅ የሚጸናው የሟች ወንድ ዘመዶች ሁሉ ቆመው ሲምሉ ነው። አንድ ሰው ከቀረ፣ ያ ሰው ደም ሊመልስ አስቧል ማለት ነው። የገዳይ ወገን ደግሞ እስኪመጣበት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ይቀድማል። ልጄ አልመጣም ብሎ ልኮብኝ ነበር።

«እሁድ ትመጣለህ» አልሁት።

«አልመጣም አባዬ። እርስዎ ይማሉ፤ ለእርስዎ ቀሎዎታል።»

«አጎትህን ቀብሬዋለሁ። አንተን ደግሞ ለመቅበር ጉልበት የለኝም።»

«ሲሞት ራሱን ደግፌ የያዝሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ስለ ጥሩምባ ያወራው ጎረምሳ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም፤ «ይተዉት እንጂ አባባ፤ ወንድ እኮ ነው የወለዱት!» አለ።

ተነሣሁ። እኔና ልጄ የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ተናገርሁ። «እሁድ ካልመጣህ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ይህ ልጅ ከቤቴ ወጥቷል፤ ቢገድል አልጠየቅበትም፣ ቢገደልም አልጠይቅለትም እላለሁ። ደምህ ደመ ከልብ ነው።» ወደ ጓደኞቹም ዞርሁ። «ለእሱ ደም የሚቆም ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። አንተ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው ያልኸው፣ የማን ልጅ ልበል?»

ያ ጀግና ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ሌላው ተራዬ ደረሰ ብሎ ወጣ፤ ተራው አልደረሰም ነበር። ልጄ አንድ በአንድ አያቸው።

የዛትሁትን አደርገው ነበር? አደርገው ነበር። ከእሱ በታች ሌሎች ልጆች አሉኝ።

እሁድ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበ። ጥርሱ የረገፈ፣ ሱሪው የሰፋው ሰው ነው። ድንጋዩም ቀለል ያለች፣ ተመርጣ የተነሣች ነበረች። ወንድሜን የሚያህል ሰው በዚህ ሰው እጅ መሞቱ አንገበገበኝ።

ልጄ ሰው ሁሉ ከቆመ በኋላ መጥቶ ከጫፍ ቆመ። ተራው ሲደርስ ማለ፤ ድምፁ አልወጣም። «አልሰማንህም ልጄ፤ ድገመው» አሉት ሽማግሌው። ደገመው።

ከዚያ ሁለታችንም ወገኖች ከአንድ ገበታ እንድንበላ ታዘዘ። ልጄ ቆረሰና በእጁ ያዘው። ሽማግሌው እያዩት ዋጠው፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «አሁን በቃዎት?» አለኝ።

«ጨርስ» አልሁት።

የወንድሜ ገዳይ እጁን ከሰደደበት ገበታ እኔ የቆረስሁትን እንጀራ ግን በጠላ ነው ያወረድሁት።